ለአሮጌው ኦፕቲፕሌክስ 7010 የሚገጥመው ኤስኤስዲ የትኛው ነው?

በሐዋሳ ፎቶ ቤት ያላቸው ጠያቂ የገጠማቸው ችግር የሚከተለው ነው። የሚሠሩበት ዴስክቶፕ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010፣ ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ ዓይነት፣ ኮር አይ5-3470 ፕሮሰሰርና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው ሲሆን፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለመነሳት እጅግ ይዘገያል፤ ፎቶሾፕ ሲከፍቱበት ይቆማል፤ ዲስኩም አልፎ አልፎ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። ያማከሩት የኮምፒውተር ሻጭ የሞዴሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ኤም.2 ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ ነው፤ ኤም.2 ቦርዱ ላይ የሚገባበት ጠባብ መሰኪያ፣ ኤንቪኤምኢ ደግሞ ፈጣኑ የመረጃ ማስተላለፊያ ዘዴ ነው) እንዲገዙ ስለነገራቸው፣ ገንዘቡን ከመክፈላቸው በፊት ይገጥም እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ።

አይገጥምም። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 በሚለው ስም ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ ማሽኖችን ሸጧል፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር የሚይዘው ነው፤ ሌላኛው በ2023 የወጣ ሲሆን ከፊተኛው ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኤም.2 መሰኪያ ያለው አዲሱ ነው። የእርስዎ ፕሮሰሰር ቁጥር፣ 3470፣ በ3 መጀመሩ ማሽንዎ የፊተኛው መሆኑን ያረጋግጣል፤ ሻጩም ምናልባት ያነበበው የአዲሱን ዝርዝር ይሆናል። ከእንግዲህ ለዚህ ማሽን ማንኛውንም ዕቃ ሲገዙ በሞዴሉ ስም ብቻ አይፈልጉ። በሳጥኑ ላይ ተለጥፎ የሚገኘውን ሰባት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉትን ሰርቪስ ታግ በዴል ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡ የዚያኑ ማሽን ትክክለኛ ዝርዝር ያገኛሉ።

ተጨማሪ ካርዶች በሚሰኩበት በፒሲአይ ኤክስፕረስ መሰኪያ ላይ የሚገባ አስማሚ ካርድ ገዝተው ኤንቪኤምኢውን ሊያስገቡ እንደሚችሉ የሚነግርዎ ሰው አይጠፋም። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ዊንዶውስ 10 ከሌላ ዲስክ ላይ ከተነሳ በኋላ ያየዋል፣ ፋይልም ያስቀምጥበታል። ነገር ግን የዚህ ማሽን ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ውስጣዊ ፕሮግራም፣ ኤንቪኤምኢን ስለማያውቅ ዊንዶውስን ከእርሱ ላይ ማስነሳት አይችልም። ባዮሱን ቀይረው የሚሠሩበት ሰዎች ቢኖሩም፣ ሥራው መሐል ላይ ከተበላሸ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ጭራሽ ላይነሳ ስለሚችል፣ እንጀራ የሚበላበትን ማሽን ለእንዲህ ዓይነቱ ሙከራ እንዲሰጡ አልመክርም።

መግዛት ያለብዎ 2.5 ኢንች የሆነውን ሳታ ኤስኤስዲ፣ ማለትም እንደ ሃርድ ዲስክ በኬብል የሚሰካውን ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 550 ሜጋባይት ስለሚደርስ ከኤንቪኤምኢ በእጅጉ ያንሳል፤ ይህ ግን አያሳስብዎ። አሁን ማሽንዎን የሚያዘገየው፣ ዲስኩ የሚሽከረከርና የንባብ ጭንቅላቱ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ከተለያየ ቦታ ይለቅማል፤ ሃርድ ዲስክ እያንዳንዱን ለማግኘት ከአሥር ሚሊሰከንድ በላይ ሊፈጅበት ሲችል፣ ኤስኤስዲ ግን የአንድ ሚሊሰከንድ ጥቂት ክፍልፋይ ይበቃዋል። የሚሰማዎት ትልቁ ለውጥ ከዚህ የሚመጣ ስለሆነ በሳታውም ያገኙታል።

የማዘርቦርዱ ኪው77 ቺፕሴት (ዲስኮችንና ሌሎች ክፍሎችን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘው ቺፕ) በሰከንድ 6 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ ሁለት የሳታ መስመሮች ሲኖሩት፣ የቀሩት 3 ጊጋቢት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ኤስኤስዲውን ከፈጣኖቹ አንዱ በሆነው፣ በቦርዱ ላይ «ሳታ 0» ተብሎ በተጻፈው ላይ ይሰኩት። የኃይል ገመዱ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ሰፊውና ጫፉ የታጠፈው ነው፤ ሁለት ዲስክ የሚያስገቡ ከሆነ አንድ ተጨማሪ የሳታ ዳታ ኬብል አብረው ይግዙ፣ ብዙውን ጊዜ ከኤስኤስዲው ጋር አይመጣምና። የዲስክ ማስቀመጫው ለ3.5 ኢንች የተሠራ ስለሆነ ማጥበቢያ ፍሬም ያስፈልጋል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለዊንዶውስ፣ ለፎቶሾፕና በእጅዎ ላለ ሥራ 480 ወይም 500 ጊጋባይት ይበቃል። የደንበኞችን ፎቶ ለማከማቸት ደግሞ ሁለተኛ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ቢጨምሩ ይሻላል፤ ከ2 ቴራባይት በላይ ከሆነ ትላልቅ ዲስኮችን በሚችለው የአከፋፈል ዓይነት፣ በጂፒቲ፣ መከፋፈል አለበት፣ አለዚያ የተረፈውን ቦታ አይጠቀሙበትም። ያገለገለ ዲስክ ካቀረቡልዎ ሱቁ ውስጥ እንዳሉ የዲስክን ጤንነት በሚያሳየው ክሪስታልዲስክኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ያስከፍቱት፤ ተበላሽተው የተተኩ ወይም ለመተካት የሚጠባበቁ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ካሉበት ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይውሰዱት።

ስለ ሐሰተኛ ኤስኤስዲ አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። አንዳንዶቹ 2 ቴራባይት ነኝ ብለው በዊንዶውስ ላይ ይታያሉ፤ ውስጣቸው ያለው ግን የዚያ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው። ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል አሮጌውን እያጠፋ ይጻፋል፣ ወይም ሳይጻፍ የተጻፈ ይመስላል፤ ባለቤቱም ይህን የሚያውቀው ፎቶው አልከፈት ሲለው ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ ስለሚያነብ ይህን ያጋልጣል። ፋይል ከማስቀመጥዎ በፊት ይህን ፍተሻ ያድርጉ፤ ከሻጩም ጋር ፍተሻውን ካላለፈ እንደሚመልሱት አስቀድመው ይስማሙ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ሊሞት መቃረቡን ያመለክታል፤ ስለዚህ ኤስኤስዲው እስኪገዛ ሳይጠብቁ ፎቶዎቹን ዛሬውኑ ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ፣ በቅድሚያ ለደንበኛ ያላስረከቧቸውን። እንዲህ ያለውን ዲስክ እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ ማባዛት ለብዙ ሰዓት ያለ ዕረፍት ስለሚያሠራው ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል። በዚህ ፈንታ ዊንዶውስን በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ እንደ አዲስ ይጫኑ፤ በሚጭኑበትም ጊዜ አሮጌውን ዲስክ ነቅለው ያስቀምጡት፣ የተሳሳተውን ዲስክ ፎርማት የማድረግ አደጋ በዚህ ይቀራልና። ከመጫንዎ በፊት ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ2ን ተጭነው ባዮስ ውስጥ በመግባት «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚለው ኤኤችሲአይ (ማሽኑ ከሳታ ዲስክ ጋር የሚነጋገርበት ዘዴ) ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ይህን መቀየር ማሽኑ እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።