ኮርማህን ለሉካንዳ ከመሸጥህ በፊት

ከቡሬ የጠየቅከው ወንድሜ፣ ኮርማህ የሰረራቸው ላሞች ሳይፀንሱ ተመልሰው ደሩብህ፤ ዘሩን (የሚረጨውን ፈሳሽ) ላብራቶሪ አስመርምረህ የማይሆን ከሆነ ልትሸጠው አስበሃል። እኔም ዳንግላ ላይ ልክ እንዳንተ ነበርኩ። ስለዚህ ስማኝ።

1. ዘሩን በበረዶ አትውሰድ። ክትባት በበረዶ ሲመጣ ስላየሁ ዘርም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ባለሙያው ዘሩን የተቀበለልኝን ብልቃጥ በረዶ የሞላ ፔርሙዝ ውስጥ ከትቼ በሚኒባስ ባሕር ዳር ገባሁ። ለካ ትኩስ ዘር ድንገት ብርድ ሲመታው የስፐርሙ ሽፋን ይጎዳል፣ ጭራው ይቆለመማል፣ መዋኘቱን ያቆማል። ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የሚቀመጠው ዘር እኮ መጀመሪያ የብርድ መከላከያ ተጨምሮበት፣ ቀስ ተብሎ ቀዝቅዞ ነው።

2. የሚመረምርህ ሰው የሚጠይቅ ይሁን። የኔው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። መቼ ተወሰደ፣ በምን መጣ፣ ኮርማው ታሞ ነበር ወይ፣ አንዱንም አልጠየቀም። ሁለት ሰዓት በር ላይ አስቁሞኝ «እንቅስቃሴ የለውም» የምትል አንዲት መስመር ጽፎ ሰጠኝ። ምን ማለት ነው ስለው «አይወልድም ማለት ነው፣ ሂድ» አለኝ። በሳምንቱ ኮርማዬን ለሉካንዳ ሸጥኩት።

ከወራት በኋላ፣ ከሱ ሌላ ኮርማ ያላያት ላሜ ወለደች። ጥጃው ግንባሩ ላይ ያባቱ ነጭ አለበት። ጋጣው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ኮርማዬ ቀደም ብሎ በአፍና እግር በሽታ ትኩሳት ይዞት ነበር። አንድ ስፐርም ተሠርቶ እስኪያልቅ 61 ቀን ያህል ይፈጃል፣ እስኪወጣም ተጨማሪ ቀናት አሉ። ትኩሳት ያበላሸው ዘር ሁለት ወር ከምናምን ይቆያል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። የኔም ሊያገግም ይችል ነበር፣ እኔ ግን ቸኮልኩ።

3. ማይክሮስኮፑ ወደ ኮርማው ይምጣ። ለሁለተኛው ኮርማዬ እንደዚያ አደረግሁ። የመጣችው ሐኪም ብልቃጡንም ስላይዱንም 37 ዲግሪ ላይ አሙቃ ጠበቀች። «ና እይ» አለችኝ። እንደ ማዕበል ሲናወጥ በዓይኔ አየሁት! ቀጥላ ቀለም ቀላቀለችበት። የሞተው ቀለሙን ጠጥቶ ሮዝ ይሆናል፣ በሕይወት ያለው ነጭ ሆኖ ይቀራል። መቶ ቆጥራ 82ቱ ነጭ ወጡ። ደግሞ የጭንቅላትና የጭራውን ቅርጽ እንድታይልህ ንገራት፤ ከመቶ 70ው ደህና ቅርጽ ሊኖረው ይገባል። መዋኘት ብቻውን አይበቃም።

ላሞቹንም ለውርጃ በሽታ አስመርምራቸው።

አሁን ንገረኝ፣ ኮርማህ ባለፉት ሦስት ወራት ታሞ ነበር? ከታመ ቀኑን ቆጥረህ 75 ቀን ሲሞላው አስመርምር። እስከዚያ ገበያ አታውጣው።