ፎርሙን ለምን አልሞላችሁትም?

ልጆቼ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታዬ ሙስሊም ለሆናችሁም ላልሆናችሁም ነው።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ኤድመንተን፣ ካናዳ ውስጥ በነርስነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ጊዜ ስላለኝ በአንድ አነስተኛ የተማሪዎች ድጎማ ኮሚቴ ውስጥ ማመልከቻ አነባለሁ። እዚህ በርሰሪ ይሉታል። ስኮላርሺፕ አብዛኛውን ጊዜ ውጤት ያያል፣ በርሰሪ ግን ችግርን ነው የሚያየው። የኛው የተሰየመው ማኅበረሰቡን ሲያገለግሉ ኖረው ባለፉ ሙስሊም ሴቶች ስም ነው።

ባለፈው ዓመት አንዱ ድርሻ ጠያቂ አጥቶ ቀረ። እኔ ደግሞ የሚገባቸው ቢያንስ አራት ያገራችንን ልጆች አውቃለሁ። አንዷን ለምን እንዳላመለከተች ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ከኔ የባሰበት ሰው ይኖራል ብዬ ነው» አለችኝ። እናቷ ሌሊት ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች። እሷ ቅዳሜና እሁድ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ትቀበላለች። ከሷ የባሰበትን ሰው እስካሁን እየፈለግን ነው።

ይሉኝታ ነው፣ አውቀዋለሁ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። እኔም ነርሲንግ ስማር እንዲህ ያለ ፎርም ሞልቼ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ቀኑ አለፈ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ። ከዚያ ማታ ማታ ዳቦ ቤት ገባሁ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ አንድ ኮርስ ወደቅሁ። ኮርሱን እንደገና ለመውሰድ የከፈልኩት ሳላስገባ ከቀረሁት ድጎማ ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ስለ አንዲት ሴት ላውራችሁ። የከተማችን ሙስሊሞች ታሪክ ሲነሳ ስሟ ቶሎ ይጠራል። ሒልዊ ሐምደን ትባላለች። ከሊባኖስ የመጣች ናት። ባሏ በሰሜን አልበርታ፣ ፎርት ቺፐዋያን በምትባል ቦታ የእንስሳት ቆዳ ይነግድ ነበር። በኋላ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲገቡ ብለው ወደ ኤድመንተን ወረዱ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 1930ዎቹ ነው። ዓለም ሁሉ ኪሱ ባዶ የሆነበት ጊዜ። ከተማው ውስጥ መስጊድ የለም። እንዲያውም ካናዳ ውስጥ የለም። ሒልዊና ጓደኞቿ ከንቲባው ጆን ፍራይ ዘንድ ሄደው መሬት ጠየቁ። መሬቱ ይገኛል፣ ለግንባታው ግን 5,000 ዶላር ያስፈልጋል ተባሉ። ያን ጊዜ 5,000 ዶላር ቀልድ አልነበረም። ሴቶቹ ታዲያ ቤታቸው ገብተው አላለቀሱም። ጃስፐር ጎዳና ላይ ወጥተው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይሁዱም ሰጣቸው። ግንበኛው ዩክሬናዊ ነበር። የሚያውቀው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ነውና መስጊዱም ትንሽ እሱኑ መሰለ። እኔ መጀመሪያ ሳየው ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ አልፌው ልሄድ ነበር። ደሴ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን እያየ ያደገ ሰው ተሳሳተ ስል አሁንም ያስቀኛል።

አል ራሺድ መስጊድ ታኅሣሥ ወር ላይ፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1938 ተከፈተ። የካናዳ የመጀመሪያው መስጊድ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1980ዎቹ ማኅበረሰቡ ትልቅ መስጊድ ሠራ፣ አሮጌው ሊፈርስ ሆነ። ያኔም የተነሡት ሴቶች ናቸው። ሊላ ፋልማን የምትባል ሴት በ1982 የካናዳ ሙስሊም ሴቶች ምክር ቤትን መሥርታ ነበር። የምክር ቤቱ የኤድመንተን ሴቶች 75,000 ዶላር ያህል አሰባስበው ሕንፃውን ወደ ፎርት ኤድመንተን ፓርክ አዛወሩት። ፓርኩ የቆዩ ቤቶች የሚታዩበት ቦታ ነው። «ይሄ ከኛ ዘመን ውጪ ነው፣ አይገባም» ያሉ ነበሩ። ሴቶቹ ደጅ ጠንተው አሳመኗቸው። ከ1992 ጀምሮ ሄዶ ማየት ይቻላል። ሒልዊም በ2017 የተከፈተ ትምህርት ቤት በስሟ ተሰይሞላታል። በሊላ ስም ደግሞ ለተማሪዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አለ።

እነዚህ ሴቶች ስማቸው የቀረው በምን ይመስላችኋል? በመጠየቅ ነው። የማያውቁትን ሰው ሱቅ ገብተው «ስጠን» ብለው። እናንተ ደግሞ እንደነሱ ባሉ ሴቶች ስም የተሰየመ ፎርም ፊት ታፍራላችሁ።

የወለድም ነገር አለ። ወላጆቻችሁ የተማሪ ብድር ወለድ ስላለበት ሲጨነቁ ሰምቻለሁ። የፌዴራሉ ብድር ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ወለድ አይቆጠርበትም፣ ይሄን ንገሯቸው። በክፍለ ሀገሩ በኩል የሚመጣው ግን እንዲያ አይደለም። በርሰሪ ሲሆን ብድርም ወለድም የለም። አይመለስም።

አሁን ስለ ማመልከቻው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለአመራር ልዩ ፍቅር አለኝ» የሚል ጽሑፍ በቀን አሥር እናነባለን። እባካችሁ ተዉት። ዓምና አንዲት ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ እንዲህ ስትል ቆይታ መጨረሻ ላይ፣ እንደ ነውር ነገር፣ አያቷን ሐኪም ቤት ይዛ እየሄደች የምታስተረጉመው እሷ እንደሆነች በአንድ መስመር ጻፈች። ሌላውን ሁሉ ረሳነው። አገልግሎት ማለት ይሄ ነው እኮ! የጎረቤት እናት ከባንክ የመጣ ደብዳቤ ይዛ ስትመጣ ማንበብ። ቅዳሜ ሕፃናት ቁርኣን ማስቀራት። ለቅሶ ቤት ሻይ ማመላለስ። ይሄ ሁሉ የሚቆጠር አይመስላችሁም።

ገንዘቡንም በቁጥር ጻፉት። ኪራይ ይህን ያህል፣ አውቶቡስ ይህን ያህል፣ መጽሐፍ ይህን ያህል። «ትንሽ እቸገራለሁ» ብሎ ማለፍ ለእኛ ምንም አይነግረንም። የድጋፍ ደብዳቤ ከመምህራችሁ የምትጠይቁት ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ነው። እሁድ ማታ ኢሜይል የሚልኩ አሉ፣ ስማቸውን አልጠራም።

ካልተሳካ አብሽሩ፣ በዓመቱ ተመለሱ። ሁለቴ አመልክቶ በሦስተኛው ያገኘ ልጅ አለን።

ያቺ «ከኔ የባሰበት ይኖራል» ያለችኝ ልጅ ዘንድሮ ሞላች። ማመልከቻዋ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ ስለማውቃት እኔ መወሰን አልችልም ብዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሻዬን ይዤ ቆሜ በሩ እስኪከፈት ጠበቅሁ። ምን እንደወሰኑ እስካሁን አልነገሩኝም።