መልስ፦ በአውሮፓ ሰርተፍኬት ጀርመን መሥራት ይቻላል?
ሰላም እህቴ። ቦዲ ሳይኮቴራፒ (በአካል በኩል የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና) ተምረሽ የአውሮፓ የሳይኮቴራፒ ሰርተፍኬት ብታወጪ ጀርመን ያሠራሽ እንደሆነ ጠይቀሻል። ብቻውን አያሠራም። ሰርተፍኬቱ ቢያንስ 3,200 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ቀላል አይደለም። ግን የሚሰጠው የሙያ ማኅበር ነው። ፈቃዱን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ ይወስናል። ጀርመን ደግሞ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሳይኮቴራፒስት» የሚለውን መጠሪያ ያለ መንግሥት ፈቃድ መጠቀም ከልክላለች። የመንግሥት ጤና መድን ከሚከፍልባቸው ዘዴዎች መካከልም ቦዲ ሳይኮቴራፒ የለም። በአካል በኩል ጭንቀትን የሚያክም ሙያ እንዲህ ደጅ መቅረቱ በእውነት ያሳዝነኛል።

ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ ሃይልፕራክቲከር የሚባለው፣ ሐኪም ላልሆኑ ሰዎች የሚሰጥ የጀርመን የሕክምና ፈቃድ ነው። በሳይኮቴራፒ ብቻ የተወሰነ ፈቃድ አለው፤ ፈተናው በጤና ቢሮ በኩል ነው። ታካሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ የትምህርት ክፍያውን ከመፈጸምሽ በፊት የምትኖሪበትን ከተማ ጤና ቢሮ ጠይቂ።