ዲስክ ሞላብን ላላችሁ፦ የዲኤፍና የዲዩን ውጤት በስክሪፕት ስለመደርደር ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወገን፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ዛሬ ውርጩ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ሊኑክስ ሰርቨር የምትጠብቁ ልጆች የስቶሬጅ ነገር ካስቸገራችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ሁለት ሶስት ሰው ይጠይቀኛል ስል ጎርፍ ሆነብኝ፣ እና የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አርጌ ልመልስ። ስልኬ ላይ ያለው የአማርኛ ኪቦርድ ብቻ ስለሆነ ትእዛዞቹን አፋችን እንደሚጠራቸው ነው የምጽፈው፣ ሰረዝ ስል ማይነሷን ነው፣ ፓይፕ ስል የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የምታቀብለውን ቀጥ ብላ የቆመችውን መስመር፣ ትልቁ ኤች ወይ ትልቁ ኤፍ ስል ካፒታሉን። ለአዲሶቹ፣ ዲኤፍ የየዲስኩን የተያዘና የቀረ ቦታ ያሳያል፣ ዲዩ የየፎልደሩን መጠን ያወጣል፣ ሶርት መስመሮችን ይደረድራል፣ አውክ ደግሞ መስመሩን በየአምዱ ቆርጦ ያነባል። ኮፒ ማድረግ አትችሉም፣ እሱም ደግ ነው፣ እጃችሁ ይልመድ።

ጥያቄ፣ ከደብረ ሲና፦ ወንድሜ ዲዩ ሰረዝ ኤስኤች ብዬ የፎልደሮቹን መጠን አወጣሁና በሶርት ሰረዝ ኤን ደረደርኩት፣ 900 ሜጋው ከ2 ጊጋው በልጦ ቁጭ አለ። ሶርቱ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ኧረ ምንም አልሆነም። ሰረዝ ኤን የምታነበው ቁጥሩን ብቻ ነው፣ ፊደል ስታይ እዛው ታቆማለች፣ ስለዚህ ለሷ 900 ከ2 ይበልጣል፣ አለቀ። ገበያ ወጥተህ 9 ጣሳ ገብስ ከ2 ኩንታል ገብስ ይበልጣል የሚል ሰው ቢያጋጥምህ ምን ትለዋለህ? ሶርትም እንደዛ ሆና ነው፣ መስፈሪያውን አልነገርካትማ። ለጊዜው ሶርት ሰረዝ ኤች በል፣ ኬ፣ ኤም፣ ጂ የሚሉትን ታውቃቸዋለች፣ በፈረንጆቹ 2009 በጂኤንዩ ኮርዩቲልስ 7.5 (ሶርትን የመሳሰሉ መሰረታዊ ትእዛዞች የሚመጡበት ጥቅል ነው) የገባች ነገር ናት። ግን እሷንም እስከ ጥግ አትመናት፣ አስቀድማ የምታየው ፊደሉን ነው ከዛ በኋላ ነው ቁጥሩን፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሊስት ቀላቅለህ 1500 ኤምና 1 ጂ አንድ ላይ ብትሰጣት 1 ጂውን ታስበልጥብሃለች።

እኔ ስክሪፕት ውስጥ ሰረዝ ኤችን ጭራሽ አላስገባትም። ዲዩ ሰረዝ ኬ ብዬ ሁሉንም በኪሎባይት አወጣለሁ፣ በሶርት ሰረዝ ኤንአር ከትልቅ ወደ ትንሽ እደረድራለሁ፣ መጨረሻ ላይ አውክ ውስጥ ሁለቴ ለ1024 አካፍዬ በፕሪንትኤፍ (ቅርጽ አሲዞ በሚያትመው) ጊጋ አርጌ አሳያለሁ። ይሰፈር፣ ይደርደር፣ ጌጡ ከዛ በኋላ። ደሞ ዲዩ በሰረዝ ኤች ሲያወጣ ወደ ላይ ስለሚያጠጋጋ ሁለት ፎልደር 1.1 ጂ እና 1.1 ጂ ብሎህ መሃላቸው አስር ምናምን ሜጋ ልዩነት ሊኖር ይችላል፣ አንዴ ከተጠጋጋ በኋላ ደግሞ የትኛው እንደሚበልጥ ማንም ሊነግርህ አይችልም።

ጥያቄ፣ ከሸዋሮቢት፦ ዲኤፍን ስደረድር ያ የርዕሱ መስመር ከዲስኮቹ ጋር ተቀላቅሎ መጨረሻ ይገባል፣ ምን ላርግ?

መልስ፦ በፓይፑ ማዶ ጥምዝ ቅንፍ ክፈትና መጀመሪያ ሪድ ሰረዝ አር ብለህ አንዷን መስመር ተቀበል፣ በኤኮ አውጣት፣ የቀረውን ለሶርት ተውላት። ብዙ ሰው በሪድ ፋንታ ሄድ ሰረዝ 1 ያደርጋል፣ እኔም አርጌው ተቃጥያለሁ። ሄድ አንድ መስመር ያሳይ እንጂ ከፓይፑ ሲቀዳ በጣሳ አይደለም በእንስራ ነው የሚቀዳው፣ የዲኤፍ ውጤት ደግሞ አጭር ስለሆነ ሙልጭ አርጎ ይጠጣውና ለሶርት ምንም አይተርፍም። የዛን ቀን ርዕሱን ብቻ አይቼ ዲስኮቹ ጠፉ ብዬ ስሮጥ ነው ሰርቨር ክፍል የደረስኩት። (በነገራችን ላይ እናንተ ሸዋሮቢቶች ኤሲ ስትገዙ እኛ መስኮት እንከፍታለን፣ ብርዱ አንድ ጥቅም አለው።)

ጥያቄ፣ ከመሀል ሜዳ፦ ጋሼ ከ85 ፐርሰንት ያለፈ ዲስክ ካለ ሜሴጅ እንዲልክልኝ አውክ ውስጥ የዲኤፍ አምስተኛው አምድ ከ85 ከበለጠ ብዬ ጻፍኩ፣ ሌሊት ሌሊት 9 ፐርሰንት ላለው ዲስክ ይቀሰቅሰኛል።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ እንቅልፍሽ ነው እንጂ የሄደው ሌላው ይስተካከላል፣ ግን ከመቀስቀሱ የባሰ ነገር ስላለ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። አምስተኛው ላይ ያለው 9 ከነፐርሰንት ምልክቱ ነው፣ አውክ ምልክቱን ሲያይ ይሄ ቁጥር አይደለም ጽሁፍ ነው ይልና እንደ ፊደል ማወዳደር ይጀምራል። 9 ከ8 በኋላ ስለሚመጣ 9 ፐርሰንት ከ85 ይበልጣል። እሺ፣ 100 ፐርሰንት የሞላውስ? በ1 ስለሚጀምር ከ85 ያንሳል ብሎ ዝም ይላል! ባዶው ዲስክ ሲጮህብሽ ያድራል፣ ታንቆ ሊሞት ያለው ደግሞ ድምጹን አያሰማም። መድሃኒቱ ትንሽ ነው፣ አምስተኛውን አምድ ዶላር 5 ያልሽው ላይ ፕላስ 0 ጨምሪ፣ ያኔ ምልክቱን ጥሎ ቁጥር ያረገዋል። ከዛ 85ቱን ለጊዜው ወደ 5 አውርጂና እውነት እንደሚልክ ፈትሽው፣ ሳይሞከር ሜሴጅ ይመጣል ብሎ መተኛት የለም።

ጥያቄ፣ አንድ ትልቅ ሰው ከዚሁ ከደብረ ብርሃን፦ ልጄ፣ 1 ቴራ ተብሎ የተሸጠልኝ ዲስክ 931 ጊጋ ነው የሚለው፣ ሌባ ነጋዴ በላኝ?

መልስ፦ ጋሼ ነጋዴውን ይተዉት፣ አልሰረቅዎትም። ፋብሪካው 1 ሺህ እያለ ይቆጥራል፣ ማሽኑ 1024 እያለ፣ ያው ዲስክ በሁለት መስፈሪያ ተሰፍሮ ነው። ዲኤፍን በትንሹ ኤች ቢጠይቁት በ1024 ነው፣ በትልቁ ኤች ከሆነ በ1000 ይነግርዎታል። ደግሞ ዲስኩ ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ሲፎርማት ካልከለከሉት 5 ፐርሰንቱን ለሩት (ለማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ብሎ ያስቀምጣል፣ ለዚህ ነው የተያዘውና የቀረው ሲደመር ጠቅላላውን የማይሞላው። ስክሪፕት የምትጽፉ ልጆችም እዚህ ጋ ስሙኝ፣ ዲኤፍ ፐርሰንቱን የሚያወጣው የተያዘውን ለተያዘውና ለቀረው ድምር አካፍሎ ነው፣ እናንተ ለጠቅላላው አካፍላችሁ ቁጥራችን አልገጠመም እያላችሁ አትጨቃጨቁ።

ጥያቄ፣ ሶስት ሰው የጠየቀው፦ ስክሪፕቱ በእጄ ስነካው ይሰራል፣ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚያስነሳው) ላይ ሳደርገው ዝም።

መልስ፦ መስመሩን እንዳለ ክሮንታብ (የክሮን የሰዓት ሰሌዳ) ውስጥ ነው የጻፋችሁት አይደል? ክሮንታብ የፐርሰንት ምልክት ሲያይ አዲስ መስመር አርጎ ነው የሚቆጥረው፣ የፕሪንትኤፍ ነገር ደግሞ ፐርሰንት ብቻ ስለሆነ ትእዛዛችሁ ግማሽ ላይ ይቆረጣል። ከፊቱ ባክስላሽ አድርጉ፣ ወይ ይሻላል ፋይል ውስጥ ጽፋችሁ ክሮኑ ፋይሉን ብቻ ይጥራ። የትእዛዞቹንም ሙሉ መንገድ ጻፉ፣ ክሮን የሚያውቀው ፓዝ (ትእዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) አጭር ነው።

ጥያቄ፣ ከአለም ከተማ፦ ስናፕ የሚባሉትን የፕሮግራም ጥቅሎች የጫንኩበት ኡቡንቱ ላይ ዲኤፍ ሉፕ የሚላቸው ሁሉ 100 ፐርሰንት ሞልተዋል፣ ላጥፋቸው?

መልስ፦ አትንካቸው! የማይጻፍባቸው ስለሆኑ ሁሌም ሙሉ ናቸው። ዲኤፍ ሰረዝ ኤክስ ስኳሽኤፍኤስ በላቸው፣ ከሊስቱ ይወጣሉ።

ጥያቄ፣ ያው ልጅ፦ ኤክስተርናል ዲስኬ ስሙ ኒው ቮልዩም ነው የሚባለው፣ አውክ ግን ኒው ብቻ ያወጣል። የቢሮ ፎልደሮቻችን ስም ደሞ አማርኛ ነው፣ አምዱ ይንጋደዳል።

መልስ፦ ሁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አውክ ክፍት ቦታ ባየ ቁጥር ይቆርጣል፣ ኒው አንድ ቮልዩም ሌላ። ለዲዩ ቀላል ነው፣ መጠኑንና ስሙን የሚለየው በታብ ስለሆነ ሰረዝ ትልቁ ኤፍ ብለህ ታብን ንገረው፣ የ2015 ደመወዝ የሚል ፎልደርም ሳይቆረጥ ይወጣል። ለዲኤፍ ደግሞ ሰረዝ ሰረዝ አውትፑት ብለህ ፒሰንትና ታርጌት ብቻ አስወጣ፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ከፐርሰንቱ በኋላ ያለው ሁሉ ስም ነው። የአማርኛው መንጋደድ ምክንያቱ አንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 (ፊደል ወደ ባይት የሚቀየርበት ደንብ) ላይ 3 ባይት መያዙ ነው፣ ኡቡንቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው የአውክ አይነት፣ ማውክ ደግሞ ስፋቱን በባይት ይለካል፣ ደመወዝ ለሱ 12 ነው እንጂ 4 አይደለም። ሌላውን አይነት፣ ጋውክን ብትጭን ፊደል ይቆጥራል፣ እኔ ግን አልደከምኩም፣ ስሙን ሁሌ የመጨረሻ አምድ አደርገዋለሁ፣ ከሱ በኋላ የሚመጣ ስለሌለ ቢንጋደድም የሚያፈናቅለው የለም።