ለአሮጌ ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክል የትኛው ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ይሻላል?

ድምፁ ለስለስ አለብኝ ላልከው፣ አራቱን ቱቦ ወደ አንድ የሚሰበስበውን ማርሚታ ግዛ። ይህ ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1969 ሲወጣ ለአራቱ ሲሊንደር አራት ማርሚታ ነበረው፤ ድምፁ የሚከፋፈለው ለዚህ ነው። በአንድ አፍ ሲወጣ ግን ነዳጅ ስትሰጠው ወጥ ሆኖ ያገሳል። ክብደቱም ይቀንሳል። ብቻ ውስጡ ድምፅ መቀነሻ ያለውን ምረጥ፤ ባዶው ቱቦ ጆሮ ይበሳል።

ከመክፈልህ በፊት የዘይት ፊልትሮውን እይ። ከሞተሩ ፊት ለፊት ነው ያለው፤ አንዳንዱ ቱቦ ይጋርደዋል። እኔ ይህን ሳላይ ገዝቼ፣ ፊልትሮ በቀየርኩ ቁጥር ቱቦውን ስፈታ ከርሜያለሁ።

ከገጠምከው በኋላ ጥቂት ነድተህ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፍታ። ጫፋቸው ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ የካርቡሬተሮቹን ሜይን ጄት (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ከፍ አድርግ። እንዲሁ ብትነዳው ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተንም ሊበላ ይችላል።