የፔዳ ግቢ ሐምራዊ ዛፍ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የአበባ ፎቶ ስትልኩልኝ ሰነበታችሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥ፦ ፔዳ ግቢ (ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ) ቅጠሉ ረግፎ በሐምራዊ አበባ የተሸፈነ ዛፍ አለ። ጃካራንዳ ነው ብርብራ?

መ፦ ፎቶው ላይ ያለው ጃካራንዳ ነው። በቀለም ብቻ ግን አትፍረዱ፤ ሁለቱም ሐምራዊ ናቸው። ከስሩ የወደቀ አበባ አንሱና በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ጃካራንዳ ከሆነ አበባው ቱቦ ነው፤ አፉ አምስት ቦታ ይከፈላል። ውስጡ አራት አጫጭር ወንዴዎች አሉ። ከእነሱ የሚረዝም አምስተኛ ዘንግም አለ፤ ጸጉራም ነው፤ የአበባ ብናኝ አይሰጥም። ይህን ካያችሁ በኋላ ጥርጥር የለም። ብርብራ ግን የአተርና የባቄላ ወገን ነው፤ አበባውም የእነሱው ዓይነት ነው።

ጥ፦ ሳያብብስ? ከድሬዳዋ ዛፍ ጋር ይምታታብኛል።

መ፦ እውነትሽን ነው እህቴ፤ የሁለቱም ቅጠል ደቃቅ ነው። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ የሚነሳበትን ቦታ እዪ። የጃካራንዳ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። የድሬዳዋ ዛፍ አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ እየተፈራረቀ ነው። ፍሬ ከተገኘማ ነገሩ አለቀ። የጃካራንዳ ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ዘሩ ስስ ክንፍ አለው። የድሬዳዋ ዛፍ ፍሬ እንደ ጎራዴ ነው፤ 60 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል።

ጥ፦ ልጆች እምቡጡን ጨምቀው ውሃ የሚረጩበት፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለውስ?

መ፦ ስፓቶዲያ ነው፤ የጫካ ነበልባል የሚሉትም አሉ። አፍሪካዊ ነው።

ጥ፦ ጃካራንዳ የአገራችን ነው?

መ፦ አይደለም፤ ከቦሊቪያና ከአርጀንቲና አካባቢ የመጣ ነው። የድሬዳዋ ዛፍም የማዳጋስካር ነው። ብርብራ ግን የኢትዮጵያ ብቻ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግቢ ውስጥ እሱ ቢበዛ ደስ ይለኛል።

ጥ፦ ክለባችን የአበባውን ወቅት መከታተል ፈልጓል። ከየት እንጀምር?

መ፦ ከአንድ ዛፍ። ሁሉንም ልመዝግብ ያለ በሁለተኛው ሳምንት ይሰለቻል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ክር እሰሩ፤ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ቀን እዩት። እምቡጥ፣ የመጀመሪያው የተከፈተ አበባ፣ ሙሉ አበባ፣ ርግፈት፣ አዲስ ቅጠል፤ እያንዳንዱን ከነቀኑ ጻፉ። ዛፉ ውሃ የሚጠጣ ሳር ላይ ነው ወይስ ደረቅ መሬት ላይ? ይሄም ይጻፍ፤ ሁለቱ እኩል ላያብቡ ይችላሉ። ፎቶ ስታነሱ አበባውን ብቻ አታንሱ፤ ቅጠል፣ ግንድና ፍሬም ይጨመር። ከኢንተርኔት ወር አትቅዱ። ፕሪቶሪያ (ደቡብ አፍሪካ) ጃካራንዳ የሚደምቀው በጥቅምት አካባቢ ነው፤ ጸደያቸው ያኔ ስለሆነ። የእኛን ከበጋው ማለቂያ ጀምራችሁ ጠብቁ።

ጥ፦ ብርብራ አሳ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ እውነት ነው። ዘሩ ውስጥ ሮቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የጣና ገባር ወንዞች ላይ ዘሩን ወቅጠው ውሃ ውስጥ እየበተኑ የሚያጠምዱ አሉ። አሳው ኦክስጅን መጠቀም ያቅተውና ይንሳፈፋል። እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ የወጣውንም፣ ትንንሹንም አይለይም። ስለዚህ ለናሙና የሰበሰባችሁትን ዘር ሐይቅ ዳር አትድፉ።

ጥ፦ የድሬዳዋ ዛፍ ግድግዳ ስር ልትከል?

መ፦ ተው ወንድሜ። ሥሩ ወደ ላይ የቀረበ ነው፤ ንጣፍ ይፈነቅላል። ራቅ አድርገህ ሜዳ ላይ ትከለው።