ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት፦ ጊታር በእጃችሁ ለምትሠሩ ልጆች

ልጆቼ፣

በእጃችሁ የሠራችሁትን ጊታር ፎቶ አንስታችሁ ስታሳዩ ሳይ ደስ ይለኛል። አንዱ ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ሌላው ከአሮጌ የቁም ሣጥን በር፤ ሌላው አናጢ ተለምኖ ከሰጠው የዋንዛ ጣውላ። ቀለሙም ቅርጹም ያምራል። እኔን ግን ዓይኔ ቀድሞ የሚወስደኝ ወደ አንገቱና ክሩ ወደሚያርፍበት ብሪጅ ነው። ብዙዎቻችሁ ሦስት ሳምንት ቀለሙ ላይ ደክማችሁ ልኩን በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደጨረሳችሁት እዚያ ላይ ያስታውቃል። እንዲህ ያለው ጊታር ግድግዳ ላይ ያምራል፤ ሲመቱት ግን ጆሮ ያቆስላል።

ከክራር ጋር አስተያዩት። ክራር ላይ አንድ ክር የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነው፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ ሠሪው ትንሽ ቢሳሳት ተጫዋቹ በመቃኛው ያርመዋል። ጊታር ላይ ግን እያንዳንዱ ክር ከሃያ የሚበልጡ ድምፆች የሚያወጣው ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የሚተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ በተተከሉበት ቦታ ነው። ፍሬቱ ቦታውን ከሳተ የትኛውም ቅኝት አያድነውም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከእንጨት ሳይሆን ከወረቀት ነው።

መጀመሪያ የክሩን ርዝመት ወስኑ። ይህም በአንገቱ ራስጌ ካለችው፣ ክሮቹ በጭረቷ ከሚያልፉባት ነት እስከ ብሪጁ ያለው ርቀት ነው። በኤሌክትሪክ ጊታር የተለመደው 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ 628 አካባቢ የሚሠሩም አሉ። 648ን እንያዝ። ርዝመቱን ለ17.817 ስታካፍሉ 36.37 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ የመጀመሪያው ፍሬት ከነት ያለው ርቀት ይኸው ነው። የቀረውን ርዝመት እንደገና ለ17.817 ስታካፍሉ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ያለውን ርቀት ታገኛላችሁ፤ በፊተኛው ላይ ደምሩት፤ እንዲህ እያላችሁ ትቀጥላላችሁ። ስሌታችሁ ትክክል መሆኑን በእነዚህ አረጋግጡ፦ ከነት ተለክቶ ሁለተኛው ፍሬት 70.70፣ ሦስተኛው 103.10፣ አምስተኛው 162.55፣ ሰባተኛው 215.51፣ አሥራ ሁለተኛው ልክ እኩሌታው ላይ 324 ሚሊ ሜትር ነው። አሥራ ሁለተኛው ከመካከል ከወጣ ስሌቱን ጣሉትና እንደገና ጀምሩ።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ደጋግሞ ይመጣል። ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ እየለኩ መሄድ ነው። በየፍሬቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ አንድ ወገን ብትስቱ አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርሱ 3.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ በድምፅ ሲተረጎም የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ ሙዚቃ ያልተማረ ሰው እንኳ «አንድ ነገር ጎሏል» የሚለው ልክ እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ የብረት ማስመሪያውን ዜሮ ነት ላይ አስራችሁ፣ ሳታንቀሳቅሱት፣ ሁሉንም ፍሬት ከዚያው ምልክት አድርጉ። በእርሳስ ሳይሆን በስለት ጫፍ ጭረት ምልክት አድርጉ፤ የእርሳስ መስመር ራሱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበላል።

ፍሬቱ የሚገባበት ቦይ ስፋቱ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የተለመደው የብረት መጋዝ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚቆርጥ ፍሬቱ ውስጡ ይላላል፣ ሲመቱት ይንጫጫል፣ ከወራት በኋላም ይነሣል። ቀጭን መጋዝ ካላገኛችሁ ሌላ መንገድ አለ፤ አንገቱን ከተሰበረ አሮጌ ጊታር ውሰዱና ገላውን ብቻ ራሳችሁ ሥሩ። ይህ ነውር አይደለም። የሮክ ጊታር ተጫዋቹ ኤዲ ቫን ሄለን በዓለም የታወቀበትን ጊታር የሠራው ርካሽ ገላና አንገት ለየብቻ ገዝቶ፣ ከሌላ ጊታር የተነቀለ ፒክአፕ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን የሽቦ ጥምጥም፣ ገጥሞ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም፤ የአንገቱ ልክ ተጠናቆ ስለሚመጣ፣ የናንተ ድርሻ ብሪጁን ልክ ቦታው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ይሆናል።

ብሪጁም የራሱ ጣጣ አለው። ክሩን ስትጫኑት ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይወጣል። ለዚህ ማካካሻ እያንዳንዱ ክር ከ648 ትንሽ እንዲረዝም ይደረጋል፦ ቀጭኑ ክር በ2 ሚሊ ሜትር፣ ወፍራሙ በ4 ወይም በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ። ብሪጁን ስትቸነክሩ ወደ ኋላ የሚሄድበት በቂ ቦታ ተዉለት። ከዚያ በመቃኛ መሣሪያ ፈትኑ። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነክታችሁ የምታወጡት ድምፅና ተጭናችሁ የምታወጡት እኩል መሆን አለባቸው። የተጫናችሁት ከበለጠ ማረፊያውን ወደ ኋላ፣ ካነሰ ወደ ነት አቅርቡ። ይህን ሁልጊዜ በአዲስ ክር አድርጉት፤ ያረጀ ክር ውፍረቱ ወጥ ስላልሆነ ይዋሻችኋል።

ብሪጁ ወደ ጎንም መሳት የለበትም። አንገቱን ከገጠማችሁ በኋላ፣ ብሪጁን ከመብሳታችሁ በፊት፣ ሁለት ቀጭን ክር ከነት ግራና ቀኝ ወደ ብሪጁ ወጥሩ። ክሮቹ ከአንገቱ ሁለት ጠርዞች እኩል ካልራቁ አንደኛው ክር ስትጫወቱ ከፍሬቱ ላይ ይንሸራተታል። ይህ ከተበሳ በኋላ የሚታይ፣ ከመበሳቱ በፊት ግን በአምስት ደቂቃ የሚከላከሉት ስህተት ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ዋንዛ ለገላ ጥሩ ነው፤ ለመላጊያም ለመሮም ይታዘዛል፣ ክብደቱም ትከሻ አያደክምም። ዝግባ ቀጥ ያለና ቀላል ነው፤ ለስላሳ ስለሆነ ግን ብሎን በቶሎ ይላላበታል። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው፤ ፍሬት ለሚተከልበት ሰሌዳ ይመረጣል፣ ካልደረቀ ግን ይሰነጠቃል። ባህር ዛፍን ለአንገት አትንኩት፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይተረተራል።

ከዓይነቱ በላይ ግን የሚወስነው ድርቀቱ ነው። ከጣውላ ተራ ዛሬ የገዛችሁት እንጨት ውስጡ ውኃ አለ። በተለምዶ ለእያንዳንዱ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል በጥላ መቆየት አለበት። ጫፎቹን ሰም ወይም ቀለም ቀቧቸው፤ እርጥበት ቶሎ የሚወጣው በጫፍ ስለሆነ ስንጥቁ የሚጀምረው ከዚያ ነው። መድረቁን በግምት አትወስኑ። ጣውላውን በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን መዝናችሁ ጻፉት፤ ለጥቂት ሳምንታት ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። አለዚያ የሚሆነው ይህ ነው፦ በነሐሴ የተሠራ አንገት ጥር ላይ እጅ ይቧጭራል። እንጨቱ በበጋው ደርቆ ጠበበ፣ ብረቱ ግን አልጠበበም፤ የፍሬቱ ጫፍ ወጣ። የዋሽንግተን ክረምት ማሞቂያ ደግሞ ከአዲስ አበባ በጋ የባሰ ያደርቃል። ጊታር ወይም ክራር ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ልጆች፣ መሣሪያውን ከነሣጥኑ አስቀምጡት፤ የክፍሉን እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ለመጠበቅ ሞክሩ።

የደረቀ እንጨት ለማግኘት ዛፍ መቁረጥ አያስፈልጋችሁም። የአያት አልጋ፣ የፈረሰ ቤት በር፣ የተሰበረ ጠረጴዛ አለ። የኩዊን ባንድ ጊታር ተጫዋች ብራያን ሜይ በ1963 (እ.ኤ.አ.) ከአባቱ ጋር ጊታሩን መሥራት ሲጀምር አንገቱን ያወጣው ከመቶ ዓመት በላይ ካስቆጠረ የእሳት ምድጃ እንጨት ነው፤ ለክር ማወዛወዣው ስፕሪንግ ከሞተር ብስክሌት ወስዷል። አባትና ልጅ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ይህን የምነግራችሁ ስለ ዝናው አይደለም። እያንዳንዱን ክፍል ለምን እንደመረጡት ያውቁ ስለነበር ነው።

አንገት ስትቀርጹ የእንጨቱ መስመር በርዝመቱ ቀጥ ብሎ ይሂድ። መደበኛ የኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ተጠብቀው ሲቃኙ በድምሩ 46 ኪሎ ያህል ይስባሉ፤ የአኩስቲክ ብረት ክሮች ደግሞ ከ70 ኪሎ በላይ። ሦስት አራተኛ ኩንታል በዚያች ቀጭን አንገት ላይ ቀንና ሌት ተንጠልጥሎ እንደሚያድር ቁጠሩት። ስለዚህ በአንገቱ ውስጥ የሚቀበረው የብረት ዘንግ፣ ትረስ ሮድ፣ ጌጥ አይደለም። ወደ ኋላ የሚያዘነብለውን ራስ ከአንድ ጣውላ ጠርባችሁ ካወጣችሁት መስመሩ እዚያ ላይ አጥሮ ይቋረጣል፤ ጊታሩ አንዴ ሲወድቅ ከዚያው ይሰበራል። ጣውላውን በሰያፍ ቆርጣችሁ ገልብጣችሁ በኮላ ብታጣብቁት ግን መስመሩ በሁለቱም በኩል ረጅም ይሆናል። ኮላውን ቀብታችሁ በሞርሳ አጥብቃችሁ አሳድሩት፤ በግድ ተጨፍልቆ ኮላው ጨርሶ እስኪወጣ ግን አታጥብቁ።

ዘንጉን የምታስተካክሉት ክሩ ከተቃኘ በኋላ ነው። ወፍራሙን ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይና መጨረሻው ላይ ተጫኑትና በሰባተኛው ፍሬትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ቁልፉን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩ። የክሩ ከፍታ በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ በቀጭኑ 1.6፣ በወፍራሙ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ለእጅ ይመቻል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ከሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። ከብሪጁ ሥር ወደ ምድር መስመሩ የሚሄድ ሽቦ መኖር አለበት፤ ክሩን ስትነኩ የአምፕሊፋየሩ ጉምጉምታ የሚቀንሰው በእርሱ ነው። ይህ ማለት ግን እናንተ ከአምፕሊፋየሩ ጋር በብረት ተገናኝታችኋል ማለት ነው። የግድግዳው ሶኬት ምድር መስመር ከሌለው፣ ወይም አንዱ የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ ሦስተኛ እግር ቆርጦ ከጣለው፣ 220 ቮልት በክሩ በኩል ሊደርስባችሁ ይችላል። በተለይ በሌላኛው እጃችሁ ማይክሮፎን ስትይዙ። እዚህ ላይ ቁጠባ የለም፤ ጊታሩን ከመሰካታችሁ በፊት ሶኬቱን ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይየው።

ፒክአፕ ራሳችሁ የምትጠመጥሙ ካላችሁ፣ 0.063 ሚሊ ሜትር ሽቦ ወደ 8,000 ዙር የተለመደ ነው። ሲያፏጭ የምትሰሙት ጥምጥሙ ስለሚንቀጠቀጥ ነው፤ በቀለጠ ሰም ውስጥ ይነከራል። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አታቅልጡ፤ በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ፣ ከ65 ዲግሪ ሳታሳልፉ። ከዚያ በላይ ፕላስቲኩ ይጣመማል፤ በቀጥታ እሳት ላይ ደግሞ ሰሙ ሊቀጣጠል ይችላል።

አኩስቲክ ለመሥራት የምትቸኩሉ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሥራችሁ ይሁን። ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ፊት ያን ሁሉ ስበት ይሸከማል፤ ውስጡ ያሉት ድጋፎች አንድ ቦታ ከሳቱ ሆዱ ያብጣል። ስፔናዊው አንቶኒዮ ደ ቶሬስ በ1862 (እ.ኤ.አ.) ጀርባውና ጎኑ ከካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል፤ ፊቱ ግን ጥሩ እንጨት ነበር። ድምፁን የሚያወጣው ፊቱ መሆኑን ሊያሳይ ነው። ኮምፔንሳቶ ብቻ ካላችሁ ለጀርባና ለጎን አውሉት፤ ጥሩውን እንጨት ለፊቱ አስቀሩ።

ቀለሙ አሁን ይምጣ። ከ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ180፣ በ240፣ በ320 ጨርሱ፤ ከመጨረሻው በፊት በእርጥብ ጨርቅ አብሱት፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ሲደርቅ መልሳችሁ አለስልሱት። ቫርኒሹን በቀጭኑ ደጋግሙ። ወፍራም ከቀባችሁ ላዩ ይደርቅና ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ ከወር በኋላም የማሰሪያው ቀበቶ ምልክት ይተውበታል። ከመወልወላችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሡ። አንገቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ቦታ ግን በማጣበቂያ ወረቀት ሸፍኑት፤ ቀለም ከገባበት የገጠማችሁት ልክ ይበላሻል።

ከቀደሙ ሰዎች የወረሳችሁት አሮጌ መሣሪያ ካላችሁ ደግሞ ቀለሙን አትፋቁት፣ የለወጣችሁትን ክፍልም አትጣሉት፤ በከረጢት አድርጋችሁ ከሣጥኑ ጋር አስቀምጡት።

አንገቱ በሚገባበት፣ በወረቀት በሸፈናችሁት ባዶ እንጨት ላይ፣ አንገቱን ከመቸንከራችሁ በፊት፣ በእርሳስ ጻፉበት፦ የክሩ ርዝመት፣ እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ የክሩ ውፍረት፣ ቀኑ፣ ስማችሁ። ያንንም ፎቶ አንሡና አሳዩን። ከሃያ ዓመት በኋላ ጊታሩን ለመጠገን የሚከፍተው ሰው ቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው።